ቀሪውን ማን ከፈለው?

“ቪአር እኮ ረከሰ!”

ሰለቸኝ። ቴክኖሎጂ እከታተላለሁ የሚለው ጓደኛዬ ይህንኑ ይለኛል። ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣው ዘመዴ ይህንኑ ይለኛል። ዩቲዩብ ላይ ካርቶን እየቀደደ የሚጮኸው ጎረምሳም ይህንኑ ይለኛል። 299 ዶላር! ያለ ገመድ! ያለ ኮምፒውተር! ሠላሳ ዓመት የተጠበቀው ቀን መጣ! ከዚያ ምስጋናው ይከተላል። ሜታ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ከስሮ፣ ለእኛ ሲል ተጎድቶ፣ ምናባዊ እውነታን ሳሎናችን ድረስ አመጣልን ይባላል።

ለእኛ ሲል? በማስታወቂያ የሚተዳደር ኩባንያ ከመቼ ወዲህ ነው ለሰው ሲል የሚከስረው?

እኔ ሌላ ነገር ነው የምለው፤ ብቻዬን ብቀርም እላለሁ። ርካሹ ቪአር ገና አልመጣም። የመጣው ግማሹን ሌላ ሰው የከፈለበት ቪአር ነው። ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው ቁጥር የእናንተ መዋጮ ነው፤ ሙሉው ሒሳብ ሌላ ቦታ ተጽፏል። ቀሪውን የሸፈነው ወገን ደግሞ ደረሰኙን አልጣለውም። ይህን እናንተም ታውቃላችሁ። “ሁሉም ነገር አይጥመውም” እንዳትባሉ ፈርታችሁ ነው ዝም ያላችሁት።

እስቲ የኋላውን እንይ። (ዓመቶቹንና ቀኖቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው።) ሴጋ በ1993 ራስ ላይ የሚጠለቅ መነጽር ለሕዝብ አሳየ። 200 ዶላር ይሸጣል ተባለ። ለገበያ የደረሰ አንድም የለም። ኒንቴንዶ በ1995 ቨርቹዋል ቦይን አወጣ፤ 180 ዶላር ገደማ። ጠረጴዛ ላይ ይቆማል፣ ተጫዋቹ አንገቱን ደፍቶ ያየዋል፣ ቀለሙ ቀይና ጥቁር ብቻ ነው፣ ራስ ቢዞር ምስሉ አይዞርም። በጠቅላላው 22 ጨዋታ ወጣለት፤ ዓመት ሳይሞላው ተቀበረ። ያኔ ርካሹ ነገር ነበር፤ ቪአሩ ነበር የጠፋው።

ከዚያ 2012 መጣ። ፓልመር ላኪ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ ኪክስታርተር በሚባለው የመዋጮ ድረ ገጽ ላይ ለኦኩለስ መነጽሩ 250 ሺህ ዶላር አዋጡልኝ ብሎ 2.4 ሚሊዮን ተዋጣለት። ለገንቢዎች የቀረበው መሞከሪያ ኦኩለስ 300 ዶላር ነበር። ያቺ 300 በሰዉ ጭንቅላት ውስጥ ተተከለች። በ2015 መገባደጃ ላኪ ራሱ ዋጋው በ350 አካባቢ እንደሚሆን ሲናገር ተሰማ። በ2016 ሲወጣስ? 599! እጅን የሚከታተለው መቆጣጠሪያ አብሮት የለም፤ በዓመቱ መጨረሻ ለብቻው በ199 ዶላር ተሸጠ። የሚያስሮጠው ኮምፒውተርስ? ሌላ ሺህ ዶላር ገደማ። የኤችቲሲው ቫይቭ በዚያው ዓመት 799 አለ፤ ኮምፒውተሩ በራስህ። ሶኒ 399 አለ፤ ካሜራው ለብቻ፣ ፕሌይስቴሽኑ ለብቻ። በ2023 ሁለተኛውን ሲያመጣ 550 ዶላር ጠየቀበት፤ ከሚሰካበት ከፕሌይስቴሽን 5 በለጠ ማለት ነው! ለመጀመሪያው መነጽር የገዛችሁትንም ጨዋታ አያጫውትም።

ሳምሰንግ ደግሞ ስልክ የሚገባበትን መነጽር 99 ዶላር ብሎ አስጨበጨበ፤ ውስጡ የሚገባው ስልክ የዋጋውን ስንት እጥፍ እንደሚያወጣ ግን በጥቃቅን ፊደል ነበር። ጎግል በ2014 ካርቶን አጥፎ ስልክ የሚገባበት መነጽር ነው ብሎ ሰጠ፤ ኒውዮርክ ታይምስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ካርቶን ለደንበኞቹ አደለ። ሰው አንዴ አየበት፣ “ዋው” አለ፣ ካርቶኑን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ጎግል ተሻሽሎ የመጣውን ዴይድሪምን በ2016 ጀመረ፣ በ2019 ተወው።

አያችሁ ነገሩን? በየጊዜው የሚነገረን ዋጋ አንድ ነገር ይጎድለዋል። አንዴ ኮምፒውተሩ፣ አንዴ መቆጣጠሪያው፣ አንዴ ስልኩ። አሁን ደግሞ “ምንም አይጎድለውም” ተባልን። ከሠላሳ ዓመት ማጭበርበር በኋላ ይህን ስንሰማ እጅ ማጨብጨብ ነበረብን ወይስ ሳጥኑን ገልብጠን ማየት?

በመጀመሪያ ምስጋናው ለማን እንደሚገባ ልንገራችሁ። ቪአርን ሲያዘገየው የኖረው ነገር ግልጽ ነው። ጭንቅላት ሲዞር ምስሉ 20 ሚሊሰከንድ ሳይሞላ አብሮ መዞር አለበት፤ አለዚያ ሆድ ይገላበጣል። በሰከንድ 90 አካባቢ ምስል ለእያንዳንዱ ዓይን መድረስ አለበት። ለዚህ ትንሽ ግን ጥርት ያለ ስክሪን፣ እንቅስቃሴ የሚለካ ሴንሰር፣ ብዙ የማይሞቅ ቺፕ ያስፈልጋል። እነዚህን ማን አረከሳቸው? ስልክ ነው ያረከሳቸው! በቢሊዮን የሚቆጠር ስማርት ስልክ ተሠርቶ ተሸጠ፤ ስክሪኑም ሴንሰሩም ቺፑም ወረደ። የሜታው መነጽር፣ የመጀመሪያው ኩዌስት፣ ውስጥ የነበረው ስናፕድራገን 835 የስልክ ቺፕ ነው። እናንተ፣ እናታችሁ፣ ጎረቤታችሁ ስልክ ስትገዙ የቪአርን መንገድ ጠርጋችኋል። ሐውልቱ ግን ለማን ቆመ? መጨረሻ ላይ ደርሶ ሪባን ለቆረጠው!

ፌስቡክ (የዛሬው ሜታ) በ2014 ኦኩለስን በ2 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። በ2019 ኩዌስትን በ399፣ በ2020 ኩዌስት 2ን በ299፣ በ2024 ኩዌስት 3ኤስን በ299 አወጣ። ይህንን የሚሠራው ክፍል፣ ሪያሊቲ ላብስ፣ በ2022 13.7 ቢሊዮን፣ በ2023 16.1 ቢሊዮን፣ በ2024 17.7 ቢሊዮን ዶላር ከሰረ። በሦስት ዓመት 47.5 ቢሊዮን! ሁሉም መነጽር ላይ የፈሰሰ አይደለም፤ ምርምር አለበት፣ ሌሎች እቃዎችም አሉበት። ግን መነጽሩን አትርፎ እንደማይሸጥ ኩባንያው ራሱ አልደበቀም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኛ ነው።

ገደሉ የቱ ነው? የመጀመሪያው ገደል ተፎካካሪ ማለቁ ነው። ንገሩኝ፣ ትርፍ አግኝቶ ደመወዝ መክፈል ያለበት ኩባንያ ከዚህ ጋር በምን ሒሳብ ይወዳደራል? ቫልቭ ኢንዴክስን በ2019 ሲያወጣ ሙሉ ጥቅሉ 999 ዶላር ነበር። “ውድ ነው!” ብለን ጮኽን። የቲክቶክ ባለቤት ባይትዳንስ፣ ገንዘብ የማይቸግረው ባይትዳንስ፣ ፒኮ 4 የተባለውን መነጽር ይዞ በ2022 አውሮፓ ገባ፤ በዓመቱ ሠራተኛ ቀነሰ። ኤችቲሲ በ2025 መጀመሪያ ከመሐንዲሶቹ ከፊሉን በ250 ሚሊዮን ዶላር ለጎግል አሳልፎ ሰጠ። ማይክሮሶፍትም ሜዳውን ጥሎ ወጣ፤ እሱ ላይ እመለሳለሁ። ሜዳው ላይ አንድ ሰው ብቻ ሲቀር ጨዋታው አለቀ ይባላል እንጂ ደመቀ አይባልም።

ውጤቱን ደግሞ ቁጠሩት። ይህ ሁሉ ገንዘብ ፈሶ፣ ስቲም በሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታ መደብር ላይ ከሚጫወተው ሰው በቪአር የሚጫወተው ከመቶ ሁለት ገደማ ነው። ሁለት! ከ2012 ጀምሮ “የሚመጣው ዓመት የቪአር ዓመት ነው” የሚሉ ሰዎች ዛሬም እዚያው ናቸው። ላም አለኝ በሰማይ። የዘገየው ለምንድን ነው ብላችሁ ጠይቃችኋል? ጨዋታ ሠሪው አንድ ዋና በር ብቻ ስላለው ነው። ያ በር የአንድ ባለጸጋ ነው። ባለጸጋው ዛሬ ጨዋታ ይወዳል፤ ነገ ሜታቨርስ ይላል፤ ከነገ ወዲያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይላል። በእሱ ስሜት ላይ ሕይወቱን የሚገነባ ጨዋታ ሠሪ ስንት ይገኛል?

ኢኮ ቪአርን አስታውሱ። የስበት ኃይል በሌለበት አዳራሽ ውስጥ እየተንሳፈፉ ዲስክ የሚወራወሩበት ጨዋታ ነበር፤ ወዳጆቹ ጥቂት ቢሆኑም እስከ ነፍሳቸው ይወዱት ነበር። ሠሪውን ሬዲ አት ዶውንን ፌስቡክ በ2020 ገዛው። ነሐሴ 1 ቀን 2023 ሰርቨሩ ተዘጋ። ጆን ካርማክ፣ የኦኩለስ ዋና የቴክኖሎጂ ኃላፊ የነበረው ሰው፣ ተጠቃሚን ማስቀየም ዋጋ ያስከፍላል ብሎ በይፋ ተቃወመ። የሰማው የለም። በ2024 ስቱዲዮው ራሱ ተዘጋ። ተጫዋቾቹስ? መነጽራቸውን አጥልቀው ባዶ በር አንኳኩ።

ሁለተኛው ገደል አካውንቱ ነው። ፌስቡክ ኦኩለስን ሲገዛ ተጫዋቹ ተንጫጫ፤ ላኪ መነጽሩን በለበሳችሁ ቁጥር በፌስቡክ ግቡ አትባሉም ብሎ አረጋጋ። ስድስት ዓመት አለፈ። በ2020 ኩዌስት 2 ሲመጣ ምን ተባለ? የፌስቡክ አካውንት የሌለው ሰው እንዳይሞክረው! አካውንቱ የታገደበት ሰው ከነገዛው ጨዋታ ውጭ ቆመ። ጀርመን ውስጥ ተቆጣጣሪዎቹ ስለተነሱ ሽያጩ ቆመ። በ2022 ስሙ “የሜታ አካውንት” ተባለና ሰዉ እፎይ አለ። ምኑ ነው እፎይ የሚያሰኘው? ቤት ገዝቶ ቁልፉ ሻጩ ኪስ የቀረበት ሰው፣ ቁልፉ ቀለም ስለተቀየረ ይደሰታል?

“ማስረጃህ የታለ? ቅናሹ ከአካውንቱ ጋር ምን አገናኘው?” የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ሜታ ራሱ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ጽፎታል። ኩዌስት 2 ሲተዋወቅ 256 ጊጋባይቱ ለቤት ተጠቃሚ 399 ዶላር ነበር። ያው መነጽር፣ ያው ቺፕ፣ ያው ስክሪን፣ የፌስቡክ አካውንት ሳይጠይቅ ለድርጅቶች ሲቀርብ ስንት ነበር? 799! ዋስትናና የቴክኒክ ድጋፍ እንደተጨመረበት አውቃለሁ። ግን ዋስትና ብቻውን 400 ዶላር ያወጣል? ንግግር አያስፈልግም። የእናንተ ማንነት፣ የእናንተ ልማድ፣ ሳሎናችሁን የሚያየው ካሜራ ስንት እንደሚያወጣ በዶላር ተተምኖ ፊት ለፊታችሁ ተቀምጧል። እናንተ ግን “ረከሰ!” ትላላችሁ።

ደግሞስ ርካሽነቱ መቼ የእናንተ ሆኖ ያውቃል? ነሐሴ 2022 ላይ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው የደረሰ እቃ፣ በየትኛውም ገበያ እያረጀ ዋጋው የሚወርድ እቃ፣ በአንድ ማለዳ 100 ዶላር ጨመረ! 299 የነበረው 399 ሆነ። የማምረቻና የማጓጓዣ ወጪ ጨመረ ተባለ። ሰጪው መስጠት ሲከብደው እጁን ሰበሰበ፤ በቃ። ምጽዋት እንዲህ ነው፤ መጠኑን የሚወስነው ሰጪው ነው።

ሜታን ብቻ የምጠላ እንዳይመስላችሁ ማይክሮሶፍትን ላንሳ። በ2017 ከኤሰር፣ ከዴል፣ ከኤችፒ፣ ከሌኖቮ፣ ከሳምሰንግ ጋር ሆኖ የዊንዶውስ ሚክስድ ሪያሊቲ መነጽሮችን አመጣ። ያን ጊዜም “ርካሹ ቪአር መጣ” ተብሎ ነበር። በ2023 መጨረሻ ተውኩት አለ። በ2024 መገባደጃ የወጣው የዊንዶውስ 11 አፕዴት ድጋፉን ጠርጎ አወጣው። አፕዴቱን የጫነ ሰው ጠዋት ተነስቶ መነጽሩን ሰካ፤ ምንም የለም። ስክሪኑ አልተሰበረም፣ ገመዱ አልተበጠሰም፣ ሌንሱ አልተጫረም። በሽተኛው ጤነኛ ነው፤ እንዲሞት ተወስኖበት ነው እንጂ! ለዚህ ማን ተጠየቀ? ማን ገንዘብ መለሰ?

አሁን ወደ አገር ቤት ልምጣ፤ “ለሁሉም ሰው” የሚለው ማስታወቂያ የሚጋለጠው እዚህ ነውና።

የእህቴ ልጅ አክስቱ ከቨርጂኒያ መነጽር ላከችለት። የማን ሥሪት እንደሆነ ተዉት። ልጁ ሳጥኑን ከፍቶ ጭንቅላቱ ላይ አጠለቀው። መነጽሩ ስልክ ላይ አፕ ጫን አለ። አፑ አካውንት ክፈት አለ። አካውንቱ አገርህን ምረጥ አለ። ልጁ ዝርዝሩን ወደ ታች ወሰደ፣ ወደ ላይ መለሰ፣ እንደገና ወደ ታች ወሰደና ዞር ብሎ፣ “ጋሼ፣ ኢትዮጵያ የለችም። የት ነው የምንኖረው ልበል?” አለኝ። “አሜሪካ ይበላ!” አለች እናቱ ከማድ ቤት። አለ። ከዚያ አፕዴት መጣ፤ የወሩ ፓኬጅ በዚያው ጠዋት ተበላ። ከዚያ ጨዋታው የውጭ ካርድ ጠየቀ፤ በብር የሚከፍል ካርድ አያውቅም። ቨርጂኒያ ተደወለ። እዚያ ሌሊት ነው። በመጨረሻ ሲከፈት የሰፈሩ ልጆች ሶፋው ላይ ተደርድረዋል፤ አንዱ አየር እየቦጨቀ ይስቃል፣ ሌሎቹ “እኔም ልይ! እኔም ልይ!” ይላሉ። ተራው ሲደርስ ስፖንጁ በላብ ርሷል፣ ባትሪውም ሊያልቅ ነው። መብራት ደግሞ የለም።

ይህ ልጅ ለመጫወት መጀመሪያ ያደረገው አገሩን መካድ ነው። ለዚህ ነው ቢሊዮን የፈሰሰው?

ዋጋውንም በእኛ ገንዘብ አስሉት። ሐምሌ 2024 ላይ የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ሲባል አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። 299 ዶላር ያኔ ከሠላሳ ሺህ ብር በላይ ሆነ፤ ቀረጡን፣ የሚያመጣውን ሰው ውለታ፣ የጨዋታውን ክፍያ ሳንጨምር። ይህ ለማን ነው ርካሽ?

ተመጣጣኝ የሚባለው ነገር ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ሰፈሬ ይምጣ። የቆርቆሮ ግድግዳ፣ ሁለት ቲቪ፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን፣ በፕላስተር የታሰረ ጆይስቲክ። በጨዋታ ይከፈላል፤ የተሸነፈ ይነሳል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። ባለቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ሳንቲም ይሰበስባል፣ ጠብ ያበርዳል፣ እናት ስትመጣ “እዚህ የለም” ይላል። እዚህ ቤት የሚገቡት ልጆች ወላጆቻቸው ፕሌይስቴሽን በሕልማቸውም አይገዙም። ግን ፊፋን ከማንም እኩል ይጫወታሉ። ይህን ማን አደረገው? ሶኒ ነው? ኢትዮጵያ የፕሌይስቴሽን ኦንላይን መደብር ከሚያገለግላቸው አገሮች ውስጥ የለችም! ያደረገው እቃው የገዛው ሰው ንብረት መሆኑ ነው። ሲዲው አገርህ የት ነው አይልም። ዛሬ አንተ ትጫወትበታለህ፣ ነገ ትሸጠዋለህ፣ ከነገ ወዲያ ሌላው ያከራየዋል። ሲበላሽ መገናኛ ወስደህ ታሠራዋለህ። ርካሽነቱን የፈጠረው ይህ ሁሉ እጅ ነው። አሁን በመነጽሩ ይህንን ሞክሩ። ጨዋታው ከአካውንት ጋር ታስሯል፣ ሲዲ የለውም፣ ሁለተኛ እጅ የለውም። ለቤት በቅናሽ የሸጡላችሁን ለንግድ ልጠቀምበት ስትሉ ውሉ አይፈቅድም ይላችኋል። ድሃ አገር ውስጥ ቴክኖሎጂ የሚረክስበትን አንድ መንገድ፣ መጋራትን፣ ቆልፈው ካበቁ በኋላ “ለሁሉም” ይላሉ!

ስለ ግብዝነት ካነሳን ኩባንያዎቹን ብቻ ለምን እናማለን? በ2014 ፌስቡክ ኦኩለስን ሲገዛ ያ ሁሉ ተጫዋች ተከዳን ብሎ አለቀሰ። በ2020 ዋጋው 299 ሲሆን እንባውን ጠርጎ ተሰለፈ። መርሁ 300 ዶላር ያወጣ ነበር ማለት ነው! ስልክህ ይሰልልሃል እያለ ገጽ የሚሞላው የቴክኖሎጂ ጸሐፊ፣ ክፍል ውስጥ ያለውን ግድግዳና ወንበር በካሜራ የሚያነብ መሣሪያ በነፃ ሲላክለት “ለዋጋው ምርጥ” ብሎ አራት ኮከብ ይለጥፋል። “ልጄ ፌስቡክ አይከፍትም” የሚሉ ወላጆችስ? ሜታ በ2023 ዕድሜውን በወላጅ ፈቃድ ከ13 ወደ 10 ሲያወርደው የተቃወመ ወላጅ አጋጥሟችኋል? እኔን አላጋጠመኝም። ልጁ ዝም ይላላ፤ ቡና በሰላም ይጠጣላ!

“አንተ ሰውዬ፣ ያለ ሜታ ገንዘብ እኮ ይህ ነገር ዛሬም ቤተ ሙከራ ውስጥ ነበር” ትሉኝ ይሆናል። ውሸት። በ2012 ኦኩለስን ያቆመው ፌስቡክ አይደለም፤ ገንዘቡን ቀድሞ የከፈለ ተራ ተጫዋች ነው። ሶኒ የመጀመሪያውን መነጽር እስከ 2019 መጨረሻ አምስት ሚሊዮን ሸጧል፤ ማኅበራዊ ሚዲያ አልገባበትም። ቫይቭ በ799 ጀምሮ በ2017 ወደ 599፣ በ2018 ወደ 499 ወርዷል። ተፎካካሪ ስለነበረ ዋጋው ይወርድ ነበር። ዘገምተኛ ነበር? አዎ። ግን በራሱ እግር ነበር የሚሄደው። ታዝሎ የሚሄድ ልጅ የሮጠ ይመስለዋል፤ አዛዩ የደከመው ቀን ነው መራመድ አለመልመዱን የሚያውቀው። አዛዩ ደግሞ እየደከመው ነው። በየዓመቱ 16 እና 17 ቢሊዮን እየከሰረ ባለአክሲዮን ፊት የሚቆም ሰው እስከ መቼ ይታገሣል? በሩን የዘጋ ዕለት ስንት ሚሊዮን መነጽር፣ ስንት ዓመት የተገዛ ጨዋታ አብሮ እንደሚዘጋ አስባችኋል?

የምጠይቀው ሰማይ አይደለም። አንድ፦ ሳጥኑ ላይ ሁለት ዋጋ ይጻፍ፤ አካውንታችሁን ተቀብለው የሚሸጡበትና ሳይቀበሉ የሚሸጡበት። መራጩ ይምረጥ። ሁለት፦ የገዛሁትን ጨዋታ ልሸጠው፣ ላውሰው፣ ለወንድሜ ልስጠው። ሦስት፦ ድጋፉን ስታቋርጡ መነጽሩን ክፈቱትና ሂዱ፤ የሚሠራበት ሰው አይጠፋም።

“ይህ አይሆንም፣ ቴክኒኩ አይፈቅድም” የሚላችሁን አትመኑት። ፌስቡክ በ2018 ኦኩለስ ጎ የተባለውን መነጽር በ199 ዶላር አወጣ፤ በ2020 ሽያጩን አቆመ። ካርማክ ለዓመታት ወተወተ፣ አሰለቻቸው፣ አልለቅም አለ። በ2021 ኩባንያው መነጽሩን የሚከፍተውን ሶፍትዌር ለሕዝብ ለቀቀው። ዛሬ አንድ ሰው ያረጀ ኦኩለስ ጎ እጁ ቢገባ ማንንም ሳያስፈቅድ የፈለገውን ይጭንበታል። ሰማይ አልተደረመሰም፣ ሜታም አልከሰረበትም። ለዚያች ለተጣለች የ199 ዶላር መነጽር የተደረገው ለኩዌስት የማይደረገው ጠያቂ ስላልተገኘ ነው። አንድ ውስጥ አዋቂ ወትውቶ ያስከፈተውን በር እኛ ገዢዎቹ ተሰብስበን ብንወተውት የሚዘጋብን ማን ነው? ጭብጨባውን አቁሙና ጠይቁ!